ላዳክ፦ ሩቅ የተደረገ አገር

ፌስቡክ ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ፎቶ አለ። ዛፍ የሌለበት ቡናማ ተራራ፤ ተራራው ላይ ከታች እስከ ላይ ተደራርበው የተሠሩ ነጫጭ ቤቶች፤ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ቤተ መቅደስ፤ ከበስተጀርባው በረዶ። ከፎቶው በላይ «ከዓለም ተነጥለው የሚኖሩ መነኮሳት» ተብሎ ይጻፋል። አይታችሁት ይሆናል፤ ሼር ያደረጋችሁትም አላችሁ። ቦታው ቲክሴ ይባላል፤ በሰሜን ሕንድ፣ ላዳክ በሚባለው ተራራማ አገር የሚገኝ የቡድሂስቶች ገዳም ነው። ፎቶው እውነተኛ ነው። ከላዩ የተጻፈው ግን ታሪኩን ገልብጦታል።

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለ ላዳክ ላውጋችሁ። ለትምህርትም፣ ለሕክምናም፣ ለንግድም ወደ ሕንድ የምትመላለሱ ብዙ ናችሁ። ከዴልሂ የላዳክ ዋና ከተማ ሌህ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከሄዳችሁ የምታዩትን አውቃችሁ እንድታዩት ብዬ ነው፤ ለማትሄዱትም ቢሆን ታሪኩ የሚያስተምረው ነገር አለው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምለው ነገር አንድ ነው። ላዳክ ሩቅ ሆኖ የተፈጠረ አገር አይደለም፤ ሩቅ የተደረገ አገር ነው። ያራቀውም ተራራው አይደለም፤ ድንበር ነው። ይህም የሆነው በጥንት ዘመን ሳይሆን በአያቶቻችንና በወላጆቻችን ዕድሜ ነው።

መጀመሪያ አቀማመጡን እንያዝ። ላዳክ በሂማላያና በካራኮራም ተራሮች መካከል ያለ አገር ነው። በምዕራብ በኩል ካሽሚርና ባልቲስታን፣ በምሥራቅ ቲቤት፣ በሰሜን ዛሬ ሺንጂያንግ የሚባለው የቻይና ግዛት ያዋስኑታል። ሌህ ያለችው 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር ጨምሩበት። እኛ ደጋ ሲባል ዝናብ ነው ትዝ የሚለን። እዚያ ግን ደጋው ራሱ በረሃ ነው። የክረምቱን ደመና ሂማላያ ስለሚያስቀረው በዓመት የሚጥለው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰው የሚኖረው ከተራራው አናት ቀልጦ በሚወርድ ውሃ ነው። ውሃው በወረደበት ሁሉ ቦይ ቀድደው ገብስ ይዘራሉ፣ አፕሪኮት ይተክላሉ። ገብሱን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ቅቤና ጨው በገባበት ሻይ አሽተው ይበሉታል። በሶ ነው በቃ፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ገዳሞቻቸውን «ጎምፓ» ይሏቸዋል። የቃሉ መነሻ ጭር ያለ፣ ከሰው የራቀ ቦታ ማለት ነው። ግዕዝ የተማራችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል፤ የእኛም «ገዳም» መነሻው ዱር፣ ምድረ በዳ ነውና። የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች አንድ ሐሳብ ላይ ተገናኙ። ነገር ግን ስሙ የሚነግረን መነኮሳቱ የሚመኙትን ነው። በእውነት ምን ዓይነት ቦታ ላይ ይኖሩ እንደነበር ለማወቅ ድንጋዩን፣ ግድግዳውንና የንግድ ውሉን ማየት ያስፈልጋል። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

ድንጋዩ

ሌህ የደረሰ ጎብኚ አብዛኛው ወደ ፓንጎንግ ሐይቅ ይሄዳል። «ስሪ ኢዲየትስ» የተባለው የሕንድ ፊልም መጨረሻው የተቀረጸበት ሰማያዊ ሐይቅ ነው፤ ፊልሙን ያላየ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ታንግሴ የምትባል መንደር አለች። መኪናው ሁሉ እያለፋት ይሄዳል። እዚያ ግን አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ መስቀሎች ተቀርጸዋል። አዎ፣ መስቀሎች። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የሚባሉት፣ በተለምዶ ንስጥሮሳውያን ተብለው የሚታወቁት ክርስቲያኖች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው።

እዚያው በሶግድኛ የተጻፈ ጽሑፍም አለ። ሶግዳውያን የሳምርቃንድ አካባቢ ሰዎች ነበሩ፤ የሐር መንገድን ንግድ ለዘመናት የያዙት እነሱ ናቸው። ጽሑፉ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አንድ የሳምርቃንድ ሰው ከአንድ መነኩሴ ጋር ወደ ቲቤት ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ መላኩን ይናገራል። ጽሑፉንና መስቀሎቹን የቀረጸው አንድ እጅ ነው ወይስ የተለያየ የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ለእኛ ጉዳይ ግን የቱም ቢሆን ያው ነው። ዛሬ «የዓለም ጫፍ» የምንለው ቦታ ከ1,100 ዓመት በፊት መልእክተኛ የሚያርፍበት፣ መንገደኛ ስሙን የሚጽፍበት መንገድ ነበር።

ግድግዳው

በዚያው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ የቲቤት ግዛት ፈራረሰ። ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንዱ ወገን ወደ ምዕራብ መጥቶ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ላዳክ ላይ መንግሥት አቆመ፤ ዘመዶቹም በደቡብ ምሥራቅ በኩል ጉጌ የሚባለውን መንግሥት ያዙ። ገዥዎቹ ከቲቤት ይምጡ እንጂ ትምህርቱን የፈለጉት ከካሽሚር ነው። ካሽሚር ያን ጊዜ የቡድሂስት ሊቃውንትና ሠዓሊዎች አገር ነበረች። የጉጌው ንጉሥ ዬሼ ኦ ብሩህ ልጆች መርጦ ወደዚያ ላከ። ትውፊቱ የተላኩት 21 ነበሩ፣ በሕይወት የተመለሱት 2 ብቻ ናቸው ይላል። ለትምህርት ባሕር ማዶ መሄድ የዛሬ ነገር እንዳይመስላችሁ! ከተመለሱት አንዱ ሪንቼን ዛንግፖ ነው (958–1055)። ቲቤታውያን እስከ ዛሬ «ታላቁ ተርጓሚ» ይሉታል። ዕድሜውን የፈጸመው መጻሕፍት በመተርጎምና ቤተ መቅደስ በማሠራት ነው።

ከሌህ በስተምዕራብ፣ ኢንደስ ወንዝ ዳር ያለው አልቺ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። የአገሩ ሰው ያሠራው ሪንቼን ዛንግፖ ነው ይላል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ሕንጻዎቹን ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ልብ በሉ፣ አልቺ ገደል ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ሜዳ ላይ፣ ከመንደሩና ከእርሻው መሐል ነው ያለው። ከውጭ ስታዩት የጭቃ ቤት ነው። ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን ባለ ሦስት ፎቁ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሦስት ግዙፍ የቆሙ ሐውልቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ አቫሎኪቴሽቫራ የሚባለው የርኅራኄ ቅዱስ፣ ከወገቡ በታች ያገለደመው ጨርቅ ላይ የካሽሚር ቤተ መቅደሶችና ቤተ መንግሥቶች በትንንሹ ተስለዋል። በሌላው ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ መስፍን ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ጽዋ ይዞ ይታያል፤ የለበሰው ቀሚስ የመካከለኛው እስያ የቱርክ መኳንንት የሚለብሱት ዓይነት ነው።

አሁን አስቡት። የቲቤት ዘር ያለው ገዥ፣ የካሽሚር ሠዓሊ፣ የቱርክ ልብስ፣ ሁሉም አንድ የጭቃ ቤት ውስጥ። በራሷ በካሽሚር የዚያ ዘመን የቡድሂስት ሥዕል ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ስለዚህ የጥንቱን የካሽሚር ሥዕል ማየት የሚፈልግ ሰው አልቺ ድረስ ይመጣል። ላዳክ የጎረቤቱን አደራ ጠብቆ አቆየለት ማለት ነው።

ቤተ መንግሥቱና መስጊዱ

ሌህ ከተማ ውስጥ የትም ብትቆሙ ከላይ የሚያያችሁ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቤተ መንግሥት አለ። ጎብኚው ሁሉ «ላሳ ያለውን ፖታላን ይመስላል» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የፖታላ ግንባታ የተጀመረው በ1645 ነው፣ የሌህ ቤተ መንግሥት ይቀድመዋል። ያስጨረሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የነገሠው ሴንጌ ናምግያል ነው። «ሴንጌ» አንበሳ ማለት ነው። ከገዳማቱ ሁሉ ሀብታም የሆነው ሄሚስ የተሠራውም በእርሱ ዘመንና በእርሱ ገንዘብ ነው።

ይህ ገዳም ያሠራ የቡድሂስት ንጉሥ እናቱ ሙስሊም ናት። አባቱ ጃምያንግ ናምግያል ከባልቲስታን ገዥ ከአሊ ሚር ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፣ ተማረከም። ነገሩ በእርቅ አለቀና አሸናፊው ልጁን ድሮለት ወደ አገሩ ሰደደው። ስሟ ግያል ካቱን ነው። ላዳኮች ንግሥታቸውን በሃይማኖቷ አላገለሏትም፤ ነጭ ታራ የምትባለው የርኅራኄ አምላክ በአካል መጣች ብለው ተቀበሏት። ጦርነትን በጋብቻ መቋጨት ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ሄሚስን የመሠረተው መነኩሴ ስታግሳንግ ራስፓም ቢሆን ከዋሻ የማይወጣ ሰው አልነበረም። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ እስካለው ስዋት ሸለቆ ድረስ ተጉዟል፤ ቲቤታውያን እንደ ሁለተኛ ቡድሃ የሚያከብሩት ፓድማሳምባቫ የተወለደበትን አገር ፍለጋ።

ከቤተ መንግሥቱ ወደ ገበያው ስትወርዱ ደግሞ መንገዱ ጫፍ ላይ መስጊድ ታገኛላችሁ። በ1660ዎቹ የተሠራ ነው። የሕንዱ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ የበላይነቱ እንዲታወቅ ጠየቀ፤ የሌህ ንጉሥም ኃይሉን ለክቶ እሺ አለ፣ መስጊዱም ቆመ። ከላይ የናምግያሎች ቤተ መንግሥት፣ ከሥሩ መስጊዱ። እስከ ዛሬ ተያይተው ቆመዋል።

የሻይና የሱፍ ውል

ከ1679 እስከ 1684 ላዳክ ከቲቤትና ከሞንጎሎች ጋር ተዋጋ። አቅቶት የሙጋሎችን ጦር ከካሽሚር ጠራ። ጦርነቱ ያለቀው በ1684 ቲንግሞስጋንግ ላይ በተደረገው ውል ነው። ላዳክ የምዕራብ ቲቤትን ግዛቶች አጣ። የውሉ ፍሬ ግን መሬቱ አልነበረም፤ ሱፍ ነው።

ምን ዓይነት ሱፍ መሰላችሁ? ቻንግታንግ በሚባለው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው አምባ ላይ ቻንግፓ የሚባሉ ዘላኖች ፍየል ያረባሉ። ብርዱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ፍየሎቹ ከላይኛው ጠጉራቸው ሥር ሌላ ስስና ለስላሳ ሱፍ ያበቅላሉ። ብርዱ ሲያልፍ በማበጠሪያ ይወሰዳል። ሱፉ ላዳክን አቋርጦ ካሽሚር ወርዶ ይሸመን ነበር፤ የአውሮፓ እመቤቶች የሚሻሙበት ሻል እርሱ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ «ካሽሚር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሹራብ ስታዩ ስሙ የሸመነው አገር ስም ነው፤ ፍየሏ ግን የሌላ አገር ናት። በውሉ መሠረት የምዕራብ ቲቤት የሻል ሱፍ በላዳክ በኩል ወደ ካሽሚር ብቻ እንዲያልፍ ተወሰነ።

በዚሁ ውል የንግድ ጉዞዎችም ተደነገጉ። ከላሳ በየዓመቱ የታመቀ ሻይ የጫነ ሲራራ ወደ ሌህ ይመጣል። ከሌህ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ «ሎፕቻክ» የሚባል ልዑክ ለላሳ ገዳማት ገጸ በረከት ይዞ ይሄዳል። ስሙ የሃይማኖት ልዑክ ነው፤ ጭነቱ ግን በአብዛኛው ሸቀጥ ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ ይህ ነው፦ ለቡድሂስት ገዳማት ገጸ በረከት የሚያደርሰውን ጉዞ በተግባር የሚመሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ይህ አሠራር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆየ። ስለዚህ ተራራው ላይ የሚጸልየው መነኩሴ የሚጠጣው ሻይ ራሱ የወራት መንገድ የተጓዘ ነበር። ገዳሙ ከዓለም አልተነጠለም፤ ዓለም ስንቁን ያመጣለት ነበር።

በ1834 ዞራዋር ሲንግ የሚባል የጃሙ ጄኔራል ወርሮ የላዳክን ነጻነት አጠፋው። የንጉሡ ቤተሰብ ከዘጠኝ ፎቁ ቤት ወጥቶ ስቶክ ወደምትባል መንደር ወረደ። ዞራዋር ቲቤትንም እይዛለሁ ብሎ ገስግሶ በ1841 ብርድ ላይ ተገደለ። በ1842 እርቅ ሲወርድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ሆነ? የሱፉና የሻዩ ንግድ እንደ ቀድሞው እንዲቀጥል። መንግሥቱ ጠፋ፤ ገበያው አልተዘጋም።

በሰሜን በኩል ደግሞ ከ5,500 ሜትር በላይ የሆነውን የካራኮራም በር አቋርጦ ወደ ያርካንድ የሚወስድ መንገድ ነበር። አስቸጋሪ ነው፤ መንገዱን የሚያሳየው የሞቱ ከብቶች አጥንት ነው ይባል ነበር። ነጋዴው ግን ይሄድ ነበር። ከያርካንድ ምንጣፍ፣ ሐር፣ ሐሺሽ፤ ከሕንድ የጥጥ ጨርቅ፣ ቅመም፣ ማቅለሚያ ሌህ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። የያርካንድና የካሽሚር ነጋዴዎች የላዳክ ሴቶች አግብተው ቀሩ፤ ልጆቻቸው «አርጎን» ይባላሉ። አንድ አርጎን ሁለት ሦስት ቋንቋ ቢናገር ማንም አይደነቅም ነበር።

የኖቶቪችን ወሬ በተመለከተ

እዚህ ላይ ሳላነሳው የማላልፈው ነገር አለ፤ በኢንቦክስ የምትልኩልኝ ቪዲዮ። «ኢየሱስ ወጣትነቱን ያሳለፈው ሂማላያ ላይ ነው፣ መጽሐፉ ሄሚስ ገዳም ተደብቋል» የሚለው። ምንጩ ኒኮላስ ኖቶቪች የሚባል ሩሲያዊ ነው። በ1894 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ በ1887 ሄሚስ አጠገብ እግሬ ተሰብሮ ገዳሙ ውስጥ ሳለሁ አበምኔቱ ስለ «ዒሳ» የሚናገር ጥንታዊ መጽሐፍ አነበቡልኝ አለ። አውሮፓ ተናጠች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1895፣ አርቺባልድ ዳግላስ የሚባል አግራ ውስጥ የሚያስተምር መምህር ምን አደረገ? ተነሥቶ ሄሚስ ሄደ። መጽሐፉን ለአበምኔቱ አስነበበላቸው። እንዲህ ያለ መጽሐፍም፣ እግሩ የተሰበረ እንግዳም አላውቅም አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የወሬውን አሠራር አስተውሉ። ኖቶቪች የተማመነው አንባቢው ሄሚስን «ማንም የማይደርስበት» አድርጎ በማሰቡ ነው። ሌህ ግን ያኔ ገበያ የሞላባት፣ የውጭ ሰው የሚመላለስባት ከተማ ነበረች፤ ከ1885 ጀምሮ የሞራቪያ ሚስዮናውያንም ተቀምጠውባታል። በ1904 እነዚሁ ሚስዮናውያን በአገሩ ቋንቋ ጋዜጣ አውጥተዋል። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ እለው የነበረውን ዛሬም እላለሁ፦ «ማንም አይደርስበትም» የሚል ምንጭ ሲጠቀስላችሁ መጀመሪያ የደረሰ ሰው ፈልጉ።

በሩ ሲዘጋ

ታዲያ ይህ ሁሉ መንገድ የት ሄደ?

በ15 ዓመት ውስጥ አለቀ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ተከፈሉ፤ ጦርነት ተነሣ፤ የግያል ካቱን አገር ባልቲስታን በፓኪስታን በኩል ቀረ። የሌህና የስካርዱ መንገድ ተቆረጠ። በ1948 ሌህ ራሷ ልትያዝ ደርሳ ነበር። ነዋሪው ተባብሮ ማረፊያ ሜዳ ደለደለና በሜይ ወር የሕንድ አየር ኃይል ዳኮታ አረፈበት። በ1949 ሺንጂያንግ በአዲሱ የቻይና መንግሥት እጅ ሲገባ የያርካንድ መንገድ ተዘጋ። ቀጥሎ ቲቤት ተያዘች። በ1962 ሕንድና ቻይና ተዋጉ፤ ከዚያ በኋላ የምሥራቁ በርም ተከረቸመ። ተራሮቹ አንድ ሜትር አልጨመሩም። በሮቹም እዚያው አሉ። የተለወጠው በሩ ላይ የቆመው ወታደር ነው።

ይህ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ቱርቱክን ውሰዱ። ቱርቱክ የባልቲ ሙስሊሞች መንደር ናት። ከ1948 ጀምሮ በፓኪስታን እጅ ነበረች። በዲሴምበር 1971 ጦርነት የሕንድ ጦር እርሷንና አጠገቧ ያሉትን መንደሮች ያዘ። በዚያ ሰሞን ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ስካርዱ የሄደ ሁሉ እዚያው ቀረ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። አንድ ሰው ከአልጋው ሳይነሣ አገሩ ተለወጠበት። እኛም አገር ድንበር ሲዘጋ ቤተሰብ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ብዙ ናችሁና አላብራራውም።

በ1974 የሕንድ መንግሥት ላዳክን ለጎብኚ ከፈተ። የመጡት ጥቂት መቶዎች ነበሩ። ያገኙት አገር ገበያው የቀዘቀዘ፣ ሲራራ የማያልፍበት፣ ወታደርና መነኩሴ የሞላበት ነው። «አቤት፣ ለሺህ ዓመት ሳይነካ የቆየ!» አሉ። የማስታወቂያው ሥዕል የተወለደው ያኔ ነው። የ12 ዓመት ዝምታን የሺህ ዓመት ዝምታ አደረጉት። በ2022 የጎብኚው ቁጥር ከ500,000 በላይ ሆነ። የ2011 ቆጠራ ያሳየው የነዋሪው ቁጥር 274,289 ነው። አወዳድሩት።

የተሳሳተ ሥዕል ጉዳት አለው

«ምን አለበት ታዲያ፣ ለማስታወቂያ አይደል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጉዳቱ ይህ ነው። ላዳክ «የቡድሂስት መነኮሳት ምድር» ብቻ ከሆነ ሙስሊሙ እንግዳ ሆኖ ይታያል። በ2011 ቆጠራ ግን ከሕዝቡ 46 በመቶ ገደማ ሙስሊም፣ 40 በመቶ ገደማ ቡድሂስት ነው። በ1989 ላዳኮች በካሽሚር አስተዳደር የደረሰባቸው በደል ያስነሣው ቁጣ ወደ ጎረቤት ዞረ። የቡድሂስቶች ማኅበር በሙስሊሞች ላይ ማኅበራዊ እቀባ አወጀ፦ አትግዙ፣ አትሽጡ፣ አብራችሁ አትብሉ፣ አትጋቡ። እስከ 1992 ቆየ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት የነበራቸው ዘመዳሞች በሰርግና በለቅሶ ተለያዩ። የሎፕቻክ ልጆች፣ የግያል ካቱን ልጆች!

ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2019 ላዳክ ከጃሙና ካሽሚር ተነጥሎ በቀጥታ በዴልሂ የሚተዳደር ግዛት ሆነ፤ የራሱ ምክር ቤት ግን አልተሰጠውም። ሌህ መጀመሪያ ጨፈረች፤ አብላጫው ሙስሊም የሆነበት ካርጊል ተቃወመ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም መሬታችንንና ሥራችንን የሚጠብቅልን ሕግ የለም ወደሚል ስጋት መጡና በአንድ ላይ መጠየቅ ጀመሩ። በሴፕቴምበር 2025 ሌህ ውስጥ በተነሣው ተቃውሞ 4 ሰዎች ተገደሉ። የፎቶው «ጸጥታ» ውስጥ ይህም አለ። ላዳክ እንደማንኛውም አገር ነው፤ ሕዝቡ ይኖራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ መብቱን ይጠይቃል።

ለሚሄድ ሰው

አየሩ ቀልድ አያውቅም። በአውሮፕላን ከገባችሁ ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፉ፤ «እኔ ደገኛ ነኝ» አይሠራም። የምታርፉበት አውሮፕላን ማረፊያ በኩሾክ ባኩላ ሪምፖቼ (1917–2003) ስም የተሰየመ ነው። መነኩሴ ነበሩ፣ የሕንድ ፓርላማ አባልም ነበሩ፤ ከ1990 እስከ 2000 ደግሞ በሞንጎሊያ የሕንድ አምባሳደር ሆነው የፈረሱ ገዳማትን አስነሥተዋል። ከዓለም የተነጠለ መነኩሴ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ጎምፓ ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ፤ ለዚህ እንኳ እኛን የሚያስተምረን የለም። ሥዕሉ ላይ የካሜራ ብልጭታ አትልቀቁ። በየመንገዱ ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ተከምረው እንደ ግንብ ታያላችሁ፤ ግንቡን በቀኛችሁ አድርጋችሁ እለፉ። ውሃ ቆጥቡ፤ የምትታጠቡበት ውሃ የገብሱ ውሃ ነው። ቲክሴን ፎቶ አንሡ፣ አልከለክልም። ግን ሌህ ገበያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። መስጊዱንም፣ ቤተ መንግሥቱንም፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ከያርካንድ የመጣ የሚመስለውን ጠፍጣፋ ዳቦ ከምድጃ ሲያወጡም እዩ። ከተቻላችሁ ታንግሴ ላይ መኪናውን አስቁሙትና መስቀሎቹን ፈልጉ።

ካርታ ስታነቡም እንዲሁ አድርጉ። መጀመሪያ የአገሩን ቀለም አትዩ፤ መንገዱን ፈልጉ። መንገዱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ጣታችሁን አስቀምጡና «ማን ቆረጠው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሩቅ» የተባለ ሕዝብ ሁሉ ታሪክ ከዚያች ጥያቄ ይጀምራል፤ የእኛ አገር ጠረፍ ያሉት ወገኖቻችንም ጭምር።

ላዳክን የረገጣችሁ፣ ወይም በሌላ አገር እንዲህ ያለ የተዘጋ የሲራራ መንገድ ያያችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አውጉን። ሌሎችም ይማሩበታል። ሰላም ሰንብቱልኝ።